ከቆጠራ በፊት ዘረፋ

ዛሬ «ቀለሜ» ሲባሉ ደስ የሚላቸው ወጣቶች፣ ቃሉ ስድብ እንደ ነበረ የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ባደግሁበት በኮልፌ፣ ቀለሜ ማለት ኳስ የማይችል፣ ለጨዋታ የማይመች፣ ፊቱን በመጽሐፍ የጋረደ ልጅ ማለት ነበር። ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። አጠና ተራ አጠገብ ከነበሩ መጽሐፍ አከራይ በሃምሳ ሳንቲም ልብ ወለድ ተከራይቼ፣ በማግሥቱ ለመመለስ ስል ሌሊቱን ሳነብ አነጋ ነበር። ውሎ አድሮ እንደኔው ከጨዋታ የተገፉ አራት ጓደኞች አገኘሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዲት ሻይ ቤት እየተሰበሰብን የጻፍነውን እናነብ ነበር። ማንም አያየንም፤ ማንም አያጨበጭብልንም።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተገለበጠ። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ግጥም ከጃዝ ጋር ተጣምሮ በራስ ሆቴል መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ቲኬት ቆርጠው ከገቡት መካከል እኔም ነበርሁ። የመጽሐፍ ምረቃ እንደ ሠርግ ይደገስ ጀመር። ከቡና ስኒ ጎን መጽሐፍ አስቀምጦ ፎቶ መነሣት ወግ ሆነ። ፈረንጆቹ «ነርድ» በሚሏቸውም ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ 300 ያህል የሥዕላዊ ታሪክ ወዳጆች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው የጀመሩት ጉባኤ፣ ዛሬ ከ100,000 በላይ ሰው የሚጎርፍበት፣ የፊልም ኩባንያዎችም ሸቀጣቸውን የሚያስተዋውቁበት ገበያ ሆኗል።

የቀድሞ ቀለሜዎች ታዲያ አንድ ለቅሶ አለን፦ «ብዙኃኑ ገባና ነገሩን አረከሰው» እንላለን። ይህን ለቅሶ አልቀበለውም። የተናቀ ሰው የንቀቱን ጊዜ እንደ ርስት ሲቆጥረው ማየት ያሳፍረኛል። ደግሞስ ብዙኃን የሰሙት ሁሉ ረክሷልን? በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ያሰማው በኮሌጁ በዓል ላይ፣ በአደባባይ ነው፤ ከብዙ ሰው ጆሮ መድረሱ ግጥሙን ይበልጥ አስፈራው እንጂ አላቀለለውም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ካልቆጠረው ሕዝብ ጆሮ የደረሰው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ብዙኃን ከየት ይመጣል? መጽሐፉ ግን አልረከሰም፤ አድማጩ ከክፍል ክፍል በትዕግሥት እየጠበቀ ወደ መጽሐፉ ከፍታ ወጣ እንጂ፣ መጽሐፉ ወደ አድማጩ ስንፍና አልወረደም።

እንግዲህ ጥፋቱ ከሕዝቡ ብዛት ካልሆነ ከምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የሀገራችን ጥንታዊ ቀለሜዎች ወደ ኖሩበት ወደ ቅኔ ቤት መሄድ ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ እስኪደርስ፣ አኮፋዳውን አንግቶ እየለመነ ይማራል። በመጀመሪያ ብቻውን ጥግ ይዞ ይቆጥራል። ቀጥሎ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ዜማ የሰበረውን፣ ምሥጢር የጎደለውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘለትን ያርማል፤ አንዳንዴም ሁሉንም ጥሎ እንደ ገና እንዲቆጥር ያደርገዋል። በማኅሌት መካከል ቆሞ የሚዘርፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቆጠራ፣ ነገራ፣ ዘረፋ፤ ሥርዓቱ ይህ ነው።

የዛሬው መድረካችን ከሦስቱ ያስቀረው ዘረፋን ብቻ ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ግን ከቅኔ ቤት ወስዶ ለማስታወቂያው ጌጥ አድርጎታል።

ይህን የምለው ከውጭ ቆሜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መድረክ ላይ ግጥም አነበብሁ። ሳክስፎኑ ከኋላዬ ሲያንጎራጉር፣ ድምፄን ዝቅ ከፍ ሳደርግ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰክሬ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ በመጠጥ አልነበረም። በማግሥቱ ወረቀቱን በጸጥታ ሳነብ፣ ሦስተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን እንደሚያፈርስ፣ መዝጊያውም ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ባዶ ቃል እንደ ሆነ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልነገረኝም። በሻይ ቤቱ ዘመን ቢሆን ከአራቱ አንዱ ወረቀቱን ገፍቶ «ይህ ግጥም አይደለም፤ ሂድና ሥራው» ይለኝ ነበር። እነዚያ አራት ሰዎች ተበትነዋል፤ እኔም በእነርሱ ፋንታ ጭብጨባ ተቀበልሁ። በንግዱ ከሠርሁ።

«ተመልካቹ የሚመጣው ሊዝናና ነው፤ መድረክ ትምህርት ቤት አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ተመልካቹ አራሚ እንዲሆን አልጠይቅም። ማኅሌት የቆመውም ምእመን ቅኔውን አያርምም፤ እርማቱ ከዚያ በፊት አልቋልና። የምጠይቀው ገጣሚውንና መድረክ አዘጋጁን ነው። ከመድረኩ በፊት የነገራ ወንበር የት አለ? ወጣቱ ግጥሙን ይዞ ሲመጣ፣ ፊት ለፊት «ይህ ስንኝ ወድቋል» የሚለው ማን ነው? በሩ ሲከፈት ሕዝቡ በመግባቱ ደስ ይበለን፤ አራሚዎቹ በዚያው በር መውጣታቸው ግን ሊያስቆጣን ይገባል። ከወጡትም መካከል በቁጭት አኩርፈን ቤታችን የተቀመጥን እኛ የቀድሞ ቀለሜዎች አለንበት። ማኩረፍ ሂስ አይደለም። ልጆቹ መምህር ሲያጡ ጭብጨባን መምህር ቢያደርጉት፣ ግማሹ ዕዳ የእኛ ነው።

እኔ እንጀራዬ ገንዘብ መቁጠር ነው። በመስኮቴ በኩል ብር ከመስጠቴ በፊት ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ ሳልቆጥር ብሰጥ ጉድለቱ ከደመወዜ ይቆረጣልና። ሳይቆጠር የተሰጠ ግጥም ጉድለቱን የሚከፍለው ግን ገጣሚው አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ የሚከፍለው ቋንቋው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ምሽት ካጨበጨብህልኝ በኋላ፣ እባክህ ጥግ ይዘህ የወደቀውን ስንኝ ንገረኝ።