ለጨፋ ሮቢት ገጽ በስዊፍት እንጀምር

እኛ ተማሪዎች ድረ ገጽ እንሥራ በተባለ ቍጥር አስቀድመን የምናስበው አገልጋይ ኮምፒውተር መከራየትንና የመረጃ ቋት ማደራጀትን ነው። ኔትዎርኩ ደካማ ለሆነበት ለጨፋ ሮቢት አንባቢ ግን ይህ ሁሉ አጀብ ምን ይረባዋል? ስለ ቦርከና ወንዝ፣ በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ነድቶ ስለሚወርድበት ስለ ጨፋ ረግረግ የሚጻፈው ነገር በየሰዓቱ አይለዋወጥም። እንግዲያስ አንባቢ በመጣ ቍጥር እንደ አዲስ ከመጋገር አንድ ጊዜ ጋግሮ ማኖር ይበቃል።

ለዚህ የሚያገለግል ፐብሊሽ የተባለ መሣሪያ በ2012 ዓ.ም. ጆን ሰንደል በስዊፍት ቋንቋ ሠርቶ በነፃ አውጥቶታል። «የአፕል ኮምፒውተር የለንም» የሚለው ማመካኛ አያዋጣም፤ አፕል ስዊፍትን በ2008 ዓ.ም. ለሁሉ ከከፈተው ወዲህ በሊኑክስም ይሠራል። አጀማመሩ ቀላል ነው። በባዶ ማኅደር ውስጥ «ፐብሊሽ ኒው» ብሎ ማዘዝ፣ ጽሑፉን በማርክዳውን አዘጋጅቶ «ኮንቴንት» በተባለው ማኅደር ማኖር፣ ከዚያም «ፐብሊሽ ራን» ብሎ ውጤቱን በገዛ ኮምፒውተር ላይ መመልከት ነው። በመጀመሪያው ቀን አስፈላጊዎቹን ጥቅሎች ለማውረድ ኢንተርኔት ያሻል። የተጠናቀቀው ገጽ «አውትፑት» በተባለው ማኅደር ይገኛል፤ ይህንኑ በፍላሽ ይዞ ወደ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል መውሰድና በክፍሉ መስመር ለሁሉ ማደል ይቻላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ዝም ብለን አናልፍም። መሣሪያው አዲስ ገጽ ሲከፍት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይመዘግባል። ሳንለውጠው ብንቀር አማርኛችን በእንግሊዝኛ ስም ይወጣል፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበውም ፕሮግራም ይሳሳታል። ማረሚያው አንዲት ቃል መለወጥ ናት።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። አንዱ ገጽ አንድ ቋንቋ ብቻ ይቀበላል፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ብቻ ጽፈን «ለጨፋ ሮቢት ሠራን» ብንል ማንን እናታልላለን? ስለዚህም ሁለት ገጽ ይሠራ እንላለን፤ አንዱም የሌላው ትርጉም አይሁን። ድካሙ እጥፍ ነው፣ ይሁን። ከከሚሴና ከጨፋ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች በዚሁ ግቢ አላችሁና የአፋን ኦሮሞውን የመጀመሪያ ጽሑፍ ከእናንተ እንጠብቃለን።