ድሃውን ከመክሰስህ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። በኳስ ተጀምሮ ወደ ኑሮ ውድነት ተሻገረ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ድህነት ላይ አረፈ። አንዱ ጓደኛችን አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ «ኧረ ተዉኝ! ድሃ የሚደኸየው ስለሚሰንፍ ነው። እኔን ተመልከቱ፤ ከገጠር በባዶ እግሬ መጥቼ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል!» አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ልናገርና እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስላጨበጨብኩ ነው።

ጓደኛችን ክፉ ሰው አይደለም። የለፋ፣ ያልተኛ፣ በኩራዝ ያጠና ልጅ ነው። ነገር ግን ስለ ራሱ ምስክርነት እሰጣለሁ ብሎ በሌላው ላይ ፈረደ። እኛም ይግባኝ ሳንጠይቅ ፍርዱን አጸደቅንለት።

በ1958 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ነበር። ያስቆጣቸው፣ ለማኞችና መጠጊያ የሌላቸው ድሆች ከየመንገዱ እየተለቀሙ ሾላ በተባለው ሥፍራ መታጎራቸው ነው። ይዘውት የወጡትም ጥያቄ «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነበር። እንግዲህ ተራው የኛ ሆነና መልስ እየሰጠን ነው። መልሳችንም «አዎን፣ ወንጀል ነው፤ ወንጀለኛውም ራሱ ድሃው ነው» የሚል ሆኗል። ድሃውን ሰብስበን ካምፕ አላስገባነውም፤ በአፋችን ግን አጥር ሠርተንለታል።

ለመሆኑ ትጋት ብቻውን ከድህነት ያወጣል? ያወጣል የሚል ካለ የጭላሎን ነገር ይስማ። በ1960 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ሥራ ጀመረ። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ገበሬው ዘራ፣ አረመ፣ ምርቱም ጨመረ። ታዲያ ምን ሆነ? መሬቱ ትርፍ እንደሚያወጣ ባለመሬቱ ሲያይ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን «ውጣልኝ» አለው። ልብ በሉ! ጭሰኛው የተባረረው መሬቱ ጾም ስላደረ አይደለም። መሬቱ ስላማረበት ነው የተባረረው።

«እሱማ የባላባት ዘመን ነው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል። «ታዲያ ዛሬስ በማን እናሳብብ?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱን ግን በሬው ይንገርህ።

በኛ አገር፣ ወሎ፣ ጥማድ በሬ ያለው ዝናቡ በጣለ ማግሥት ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ከቢጤው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ እያሉ ይጠምዳሉ። ምንም የሌለውስ? ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ወይ ባለበሬው ዘንድ ሄዶ በጉልበቱ ያገለግላል። ይህ ሰው ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ይነሣል፣ ከሁሉም አምሽቶ ይገባል። የራሱ ማሳ ግን ተራው የሚደርሰው የባለበሬው ታርሶ ካለቀ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተዘራ እህል ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ፍሬ ከሌለ የሚሸጥ የለም፤ የሚሸጥ ከሌለ በሬ አይገዛም፤ በሬ ከሌለ ለከርሞም ያው ነው። በል እንግዲህ፣ ይህን ሰው ሰነፍ በለውና ልይህ!

ይህ የኔ የብቻዬ ግምት አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተካሄደና በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። ለድሃ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች እንደ ከብት ያለ መነሻ ሀብት፣ ለጊዜው የሚቀምሱት ነገር፣ ሥልጠናና ክትትል ተሰጣቸው። እርዳታው ካበቃ ከዓመት በኋላም ካላገኙት ቢጤዎቻቸው የተሻለ ይበሉ፣ የተሻለ ሀብትም ነበራቸው። ሰዎቹ ያው የትናንቶቹ ናቸው። ስንፍና ነው የተባለው በሽታ በረት ውስጥ በገባ ከብት የሚድን ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ስንፍና አልነበረም ማለት ነው።

«ትምህርትስ? ፈተናው ለሁሉም አንድ አይደለም ወይ?» የሚልም አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ሰነፈ እንበል። አሥሩ ሲወድቁም ሰነፉ እንበል። የክፍሉን አንደኛ ጨምሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅስ? ስንፍና እንደ ከብት ባንድ አጥር ውስጥ ተከቶ ያድራል እንዴ?

አሁን ደግሞ ወደ ወዲያኛው ወገን ልዙር፤ እዚያም ጥፋት አለና። በዚያች ማታ ከማዶ አልጋ፣ «ሁሉም ነገር ሥርዓቱ ነው፤ ሰው ብቻውን ምንም አያመጣም» ያለም ነበር። ይህ አባባል ሲሰሙት ዕውቀት ይመስላል፤ ነገሩ ግን የአያቶቻችን የአርባ ቀን ዕድል ነው፣ ኮት ለብሶ መጥቶ። በኛ ቀበሌ በሴፍቲ ኔት ድንጋይ ተሸክሞ፣ እርከን ሠርቶ ያገኘውን ብር አረቄ ቤት የሚያስረክብ ሰው አውቃለሁ። ሚስቱ እዚያው እርከን ላይ ሠርታ፣ ከዚያችው ብር ዕቁብ ጥላ፣ ሁለት በግ ገዛች። እሱን «ምን ያድርግ፣ ሁኔታው ነው» ብለን ካለፍነው የሷንም ብርታት ሰረዝን ማለት ነው። ግን ይህንንም አትርሱ፤ እሷም የገዛችው ሁለት በግ ነው፤ በሬ አልገዛችም። ብርታቷ ከረኃብ አዳናት እንጂ ከድህነት አላወጣትም።

እንግዲህ የኔ ክርክር ይህ ነው። ኃላፊነት አለ፤ የሚለካው ግን በእጅ ባለው ነው። ሁለት በግ ያላት በሁለት በጓ ትጠየቅ፤ ባለበሬው በበሬው ይጠየቅ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባውም በገባበት ይጠየቅ። እኛ ነገሩን ገልብጠነዋል። ምንም በእጁ የሌለውን ሁሉን እንጠይቀዋለን፤ ለራሳችን ሲሆን ግን እናጨበጭባለን።

እኔ ያን ማታ ለምን እንዳጨበጨብኩ አሁን ልናገር። ጭብጨባው ለኔም ስለሚደርስ ነው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እኔም በባዶ እግሬ ነው የመጣሁት። ብቻዬን ግን አልመጣሁም። እህቴ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እስከ ስድስተኛ ክፍል አብረን ተማርን፤ እሷ አንደኛ ስትወጣ እኔ አራተኛ ነበርኩ። አንዱ በሬያችን በሞተበት ዓመት አባታችን ካንዳችን በላይ ማስተማር አቃተው። ከሁለታችን ማን ይቅር የሚለውን ቁጭ ብሎ የመከረበት ሰው የለም፤ ልማዱ ቀድሞ ፈርዶ ነበር። እሷ ደሴ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የቤት ኪራዬ፣ ደብተሬ፣ ጫማዬ ከሷ ደመወዝ ወጣ። ያን ማታ «ያልተማረ ስለሰነፈ ነው» ለሚል ሰው እጄን ሳነሣ ሰነፍ ያልኩት እሷን ነው።

እዚህ ስንገባ ሁላችንም የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል። ለመንግሥት የምንመልሰው ዕዳ እዚያ ላይ በቁጥር ተጽፏል። የእህቴ ዕዳ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልሰፈረም። የብዙዎቻችንን ታሪክ ብንመረምር እንዲህ ያለ ሳይጻፍ የቀረ ዕዳ እናገኝበታለን። ለአንዱ እናቱ የሸጠችው ጠላ ነው፤ ለሌላው ትምህርት ትቶ ከብት የጠበቀ ታናሽ ወንድም፤ ለሌላዋ ዐረብ አገር የሄደች አክስት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል» ከማለትህ በፊት «እኔ እንድችል ማን ቀረ?» ብለህ ጠይቅ። ክረምት አገርህ ስትገባ አንድም ልጅ ወዳላሳለፈው ትምህርት ቤት ሂድና የምታውቀውን ሒሳብ አስተምር። በቀበሌው ስብሰባ ላይም ምርጥ ዘሩ ለማን ቀድሞ፣ ለማን ዘግይቶ እንደሚደርስ ተነሥተህ ጠይቅ። እኔም ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል፤ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ማታ ትገባለች። ደብተሩን የምገዛው እኔ ነኝ። ይህ ድህነትን አያጠፋም፤ ይህን አላጣሁትም። ያጨበጨብኩበትን እጅ ግን ለአንድ ሥራ ያውለዋል።

መጀመሪያ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዕዳ እንክፈል። ከዚያ ጊዜ ከተረፈን፣ ስለ ድሃው ስንፍና ቁጭ ብለን እንከራከራለን።