አስተውሎ ማየት

ክረምት ሲወጣ የላስታ ደጋ በአደይ አበባ ያጌጣል። በዚያ ወራት መንገድ የሚሄድ ልጅ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ዓይኑን ያንሣ። ንብ አበባ ሲቀስም፥ ሽኮኮ በቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፥ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ያያል።

አሞራን ብዙ ሰው ይጸየፈዋል፤ ነገር ግን ጥንቡን እየበላ አገሩን ያጸዳል። ከላሊበላ በላይ፥ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ዛሬ የቀረውም ከ1,000 ያነሰ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግልገል ቢነጥቅም ዋና ምግቡ አይጥ ነው፤ አይጥም የገብስ ጠላት ነው።

ስለዚህ ሳያስተውል የሚወግር ልጅ የአባቱን ማሳ ጠባቂ ያጠፋል። ቆሞ የሚያስተውል ግን ወዳጁን ከጠላቱ ይለያል።