የሞተ ዳዮድ ዕዳው የማን ነው?

መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የራሱ ሲቲፒ ማሽን የለውም። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ፕሌት ወደሚያወጡለት ይሄዳል፣ ከፍሎ ይመለሳል። ፕሌቱ ከመነሻው ችግር ቢኖርበትስ? የተበላሸውን ወረቀት ማን ይከፍላል?

እኛ የሠርግ ካርድ ስናትም ፈዘዝ ያለው የጀርባ ቀለም ላይ ሸንተረር ወጣ። ሮለር አጠብን፣ ብላንኬት ቀየርን፣ ቀለምና ውሃውን አስተካከልን፤ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ፕሌቱን በማጉያ ስናየው መስመሩ እዚያው ተቀርጿል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የቴርማል ሲቲፒ ማሽኖች በርካታ የሌዘር ዳዮዶችን ጎን ለጎን አሰልፈው ይጽፋሉ። 32 ዳዮድ ያለውን እንውሰድ። በ2400 ዲፒአይ የአንዱ መስመር 0.01 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሲሞት ጉድለቱ በየ0.34 ሚሊሜትሩ ይደጋገማል፤ ከሥዕሉ ነጥቦች ጋር ሲጋጭ ለዓይን የሚታይ ሸንተረር ይሆናል። ጽሑፍ ብቻ ባለው ሥራ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ካርድ ላይ ግን ያጋልጣል።

መላ አለው። 9ኛው ከሞተ ማሽኑ ከ10ኛው እስከ 32ኛው ባሉት 23 ዳዮዶች ብቻ እንዲጽፍ ይስተካከላል። 4 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ወደ 5 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል፤ ፕሌቱ ግን ንጹሕ ይወጣል። ይህን የሚያደርገውን አልወቅስም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ መለዋወጫ ማስመጣት ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን።

የምወቅሰው ወረፋው እንዳይረዝምበት ብሎ ዝም የሚለውን ነው። የደከመውን ዳዮድ ኃይል እየጨመሩ ማሠራትም ሞቱን ማፋጠን ነው።

«የአንድ ፕሌት ዋጋ ተቀብዬ የስንት ሰው ወረቀት ልክፈል?» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሃምሳ ፐርሰንት የሆነ ወጥ ቀለም በፕሌት ቁራጭ ላይ አውጥቶ ይፈትሽ፤ ጉድለት ካለ ለደንበኛው ይንገር። ነግሮኝ ካተምኩ ኪሳራው የእኔ ነው። ደብቆኝ ከሆነ ፕሌቱንም ወረቀቱንም ይክፈል። እኛም ፕሌት ሳናይ ማሽን ላይ መጫን እናቁም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እዚህ ግን አንዱ በሽታውን ይደብቃል፣ ሌላው የመድኃኒቱን ይከፍላል።