ስለ ምድጃና ስለ ቡፌ

የዋግ ኽምራ ኮረብቶች ዛፋቸው ተመናምኗልና በሰቆጣ ዙሪያ ማገዶ በቀላሉ አይገኝም፤ ጭራሮውና ኩበቱ ከሩቅ ተለቅሞ በሴቶች ጀርባ ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር ጥቂት ገንዘብ ያገኘ አባወራ አስቀድሞ ስለ ምድጃው ማሰብ ይገባው ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ መስተዋት ያለው ቡፌ ይገዛና ማንም የማይጠጣበትን ብርጭቆ ይደረድርበታል። በስተጓሮ ግን ሚስቱ በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዳ፣ ነበልባሉ በየአቅጣጫው እያመለጠ፣ ዓይኗ በጢስ እያነባ ትጋግራለች።

ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሠራጨው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚበጅ ነው፤ መልኩም አመድማ ነው። ይሁን እንጂ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ እሳቱን ስለሚሰበስብ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያድናል። ሁለት ሸክም እንጨት ይፈልግ የነበረው እንጀራ በአንዱ ይጋገራል ማለት ነው። ይህን ምድጃ እንግዳ አያደንቀውም፤ ማድ ቤት ገብቶ የሚያይ እንግዳ የለምና።

ጌጥን መውደድስ ነውር አይደለም። መሶብ በቀለም በተነከረ አክርማ ሲሰፋ ለዓይን ያምራል፤ እንጀራውንም እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ቡፌው ግን ለዓይን ብቻ ቆሟል፤ አቧራውንም ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው ያችው ማገዶውን ተሸክማ የምትመጣው ሴት ናት።