በግ ጥለን ነብር ገዛን

«ሱፍ» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? እኛን ምርቃት ነው ትዝ የሚለን፡፡ የጋዜጠኝነት ባቻችን በተመረቀ ዕለት ወንዶቹ በሙሉ ሱፍ በሱፍ ሆነው ነበር፡፡ ከፊሉ ገዝቶ፣ ከፊሉ ለአንድ ቀን ተከራይቶ፡፡ ፎቶ ተነስተን ስናበቃ የአንዱን ኮት ገለጥ አድርገን ከውስጥ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ ብናነባት «65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ቪስኮስ» ትላለች፡፡ በግ የሚባል ፍጡር በአጠገቡ አላለፈም! ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፡፡ ጓደኛችን ሱፍ ለበስኩ ብሎ ፕላስቲክ ለብሶ ተመረቀ፡፡

ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው፡፡ ሐይቅ ላይ ግን ሳቁ ጠፋብን፡፡

ሐይቅ የሄድነው ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ተጉዘን፣ ውሃውንና ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት ነበር፡፡ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ሴት ስለማይገባበት፣ ወንዶቹ ወደዚያ ሲያቀኑ እኛ ሴቶቹ ገበያ ወጣን፡፡ ከአምባሰል ደጋ የወረዱ፣ ፀጉራቸው የተንዠረገገ በጎች ቆመዋል፡፡ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብለን ወሬ ጀመርን፡፡

«እማማ፣ ስትሸልቷቸው ፀጉሩን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምን ይደረጋል ልጆቼ፡፡ ድሮ እናቴ ትፈትለው ነበር፣ ባና ይሠራበት ነበር፡፡ አሁን ማን ይገዛናል? እንጥለዋለን እንጂ፡፡»

በጋቸው ተሸጠ፡፡ እማማም ብሩን ቋጥረው ማዶ ካለው ነጋዴ ለልጅ ልጃቸው ብርድ ልብስ ገዙ፡፡ የምታውቁትን ነው፤ ያን የሚያብለጨልጨውን፣ ነብር የተሳለበትን፡፡ ነብሩን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ደጋቸው ሄዱ፡፡

ነገራችን ይቺው ናት፡፡ በጉን ጥለን ነብር ገዛን፡፡

ለመሆኑ የምንጥለው ምንድን ነው?

የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ሪፖርቱ በሀገሪቱ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግ እንዳለ ነግሮናል፡፡ እርግጥ የቆላው በግ አጭር ፀጉር እንጂ ሱፍ የለውም፡፡ የመንዝ፣ የወሎ፣ የሰቆጣና የሰሜን ደጋ በጎች ግን ሻካራ ሱፍ ያበቅላሉ፡፡ አያቶቻችን ይህንን ሱፍ ሸልተው፣ አጥበው፣ አባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው በርኖስ ለብሰውበታል፤ ባና ደርበውበታል፤ ዝተት አንጥፈውበታል፡፡ የደጋን ብርድ ያሸነፉት በእሱ ነው፡፡

ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት መጥጦ እንኳ እርጥብ ነው አያሰኝም፡፡ እሳት ሲነካው ይከስላል እንጂ በቀላሉ አይንቦገቦግም፡፡ ነብሩ ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፡፡ በሻማና በኩራዝ በሚታደርበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል ነው እንዴ? ሱፍ አርጅቶ ሲጣል አፈር ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን በታጠበ ቁጥር ቅንጣት ፕላስቲክ እያራገፈ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይከርማል፡፡

ጥፋተኛው ማነው?

«ቻይና ናት» ብሎ መገላገል ይቀላል፡፡ እኛ ግን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንቀስራለን፡፡

አንደኛ፣ መንግሥታት ሲፈራረቁ በግን በኪሎ ሥጋ ብቻ መመዘን ለምደናል፡፡ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካም የበግ ማራቢያ ማዕከልም ተቋቁመው ነበር፡፡ ሜሪኖ፣ ኮሪዴል፣ አዋሲ እየተባለ የውጭ ዝርያ ባሕር ተሻግሮ መጣ፡፡ ዛሬ ስለ በግ ማሻሻያ ሲወራ ግን የምንሰማው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው፡፡ ጀርባው ላይ ያለውን የሚጠይቅ የለም፡፡

ሁለተኛው ይብሳል፡፡ ሸማኔን እንንቃለን፡፡ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፡፡ መቶ ዓመት ከዘለለ በኋላም እኛ የተማርነው ልጆች ሽመናን የምናደንቀው ለበዓል ጥበብ ስናሰፋ ብቻ ነው፡፡ ባና የሚሠራ ሰው ልጁን «እንደ እኔ አትሁን» እያለ ነው ትምህርት ቤት የሚልከው፡፡ ሙያው በሽማግሌዎቹ እጅ እየሞተ ነው፡፡

ሦስተኛው ቃሉ ነው፡፡ አምባሰልን በቅኝቱ ብቻ የምታውቁ ካላችሁ፣ የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ መሆኗን እወቁልን፡፡ እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለ ቦታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፡፡ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላል» ዓይነት ሲሆን በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጦሱም ዓድዋ ድረስ ዘለቀ፡፡ ያኔ ቃል እንዴት እንደሚያታልል ቀድመው የነቁ ነበሩ፡፡ እኛ ግን ፕላስቲኩን «ሱፍ» ብለን፣ እውነተኛውን ሱፍ «ቆሻሻ» ብለን ፈርመን ተቀምጠናል፡፡

«ግን እኮ...»

እናውቃለን፣ ትከራከሩናላችሁ፡፡ «ይቆረቁራል!» አዎን፣ ይቆረቁራል፡፡ የወሎ በግ ሜሪኖ አይደለም፤ ሹራብም ሙሉ ልብስም አይወጣውም፡፡ ማን በገላችሁ ልበሱት አላችሁ? ምንጣፍ፣ የፍራሽ ሙሌት፣ ከአንሶላ በላይ የሚደረብ ባና፣ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር የሚነጠፍ የብርድና የሙቀት መከላከያ ይሁን፡፡ ሱፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ያለ ሽመና ወፍራም ጨርቅ ይሆናል፡፡ የኪርጊዝ ሴቶች በዚህ መንገድ የሚሠሩት ምንጣፍ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፡፡ ለምንም የማይሆነው ቆሻሻና አጭሩ ፀጉር ደግሞ ችግኝ ሥር ይቀበር፤ ውሃ ይይዛል፣ ናይትሮጅኑንም ቀስ እያለ ለአፈሩ ይለቃል፡፡ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ ሀገር ይህ ነውር ነው?

«ትንሽ ነው!» ልክ ነው፡፡ ከአንድ የሀገር በግ የሚሸለተው ብዙውን ጊዜ ኪሎ አይሞላም፡፡ ለዚህም ነው «ኤክስፖርት እናድርገው» የሚለውን ወሬ የምንቃወመው፡፡ ሱፍ ጥሬውን ለዓለም ገበያ መሸጥ እንግሊዞችንም አላዋጣም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ዋጋው ወድቆ የሸላቹን ሒሳብ እንኳ አልሸፍን ሲል ሱፋቸውን ያቃጠሉ ገበሬዎች ነበሩ፡፡ የሩቅ ገዢ ሲያኮርፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኮምቦልቻን ጠይቁ፤ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ የኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፡፡ ትንሽ ነገር ቅርብ ገዢ ነው የሚያስፈልገው፡፡

«ውድ ነው!» ሲገዙት አዎን፡፡ ነብሩ ግን በጥቂት ዓመት ተቦጫጭቆ ሌላ ነብር ያስገዛል፡፡ ባና ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነበር፡፡

ታዲያ ማን ይግዛ?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንም ውጫሌንም ደሴንም ሲያዳርስ፣ ከዚያም በኋላ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖች በደቡብ ወሎ መጠለያዎች ሲጠለሉ፣ የብርድ ልብስ እርዳታ በጭነት መኪና ሲመጣ አይተናል፡፡ ለጋሾቹን እናመሰግናለን፡፡ ግን እስቲ ሒሳቡን አስቡት፤ ብርድ ልብሱ የሚመጣው ሱፍ ወደሚጣልበት ደጋ ግርጌ ነው፡፡ የተፈናቀለችውም እናት መፍተል የምትችል እጅ አላት፡፡ ፖሊስተሩን ከመስጠት እንዝርቱንና ደጋኑን ገዝቶ፣ የፈተለችውን መግዛት አይሻልም ነበር?

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው፡፡ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ማደሪያው፣ የደሴ ሆስፒታሎች ለአልጋቸው፣ የእርዳታ ድርጅቶች ለመጠለያው፣ የሐይቅ ዳር ሎጆች ለእንግዳ ክፍላቸው ከሚገዙት ብርድ ልብስና ምንጣፍ ከአሥሩ አንዱን ብቻ ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ሸማኔዎች ይግዙ፡፡ በጨረታው ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፡፡ ገዢ ካለ ሸላቹ ይሸልታል፣ ፈታዩዋ ትፈትላለች፣ ልጅየውም የአባቱን መወርወሪያ ያነሳል፡፡ ሥልጠናና ዎርክሾፕማ ጠግበናል!

እኛም አንቀርም፡፡ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ተዋጥተን አንድ ባና አዝዘናል፡፡ ይቆረቁራል፤ ይሞቃል፡፡

በጉ በየዓመቱ ፀጉሩን ያበቅላል፡፡ እኛስ መቼ ነው ልብ የምንገዛው?