ጾሙን ከሕመሙ ማን ይለየው?

ምግብ በቤት ሞልቶ ሳለ መብላት የሚያስፈራው ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን አናምንም። ሐኪሞች አኖሬክሲያ የሚሉት ይህ ሕመም ግን ሕይወት ያጠፋል፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ዕድሜ ነው።

አንዳንዱ፦ «የሚበላው ያጣ ሞልቶ ሳለ ለዚህ ምን አስጨነቀን?» ይል ይሆናል። ሁለቱም ከስተው ይታያሉ፤ እህል ግን አንዱን ያድናል እንጂ ሌላውን ብቻውን አያድነውም።

ደግሞም በባሕር ማዶ የተዘጋጀ መጠይቅ «ሳትበዪ የዋልሽበት ቀን አለ ወይ?» ቢል፣ ዓቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን የጾመች ጤነኛ ልጅ ከሕሙማን ትቈጠራለች። በጾም ስም ሕመሟን የምትሸሽገው ግን ሳትታወቅ ትቀራለች። ይህን ለመለየት የአገሩን ልማድ የሚያውቅና በምርምር የሠለጠነ ወጣት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሰው ማሠልጠን እንደሚቻል ቡታጅራ ምስክር ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986፣ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቋሙ። ዶክተር አታላይ ዓለም በዚያው አካባቢ የአእምሮ ጤናን አጥንተው፣ በዚሁ አቆጣጠር በ1997፣ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ኋላም የሌሎች መምህር ሆኑ።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የቅርባችን የወልቂጤው ጭምር፣ ለዚህም ሕመም ጥቂት ወጣት ተመራማሪዎችን ከዐዋቂ መምህራን ጋር አጣምረው መንደር ለመንደር ያሰማሩ። እኛም ተማሪዎች የከሳችውን ጓደኛችንን «አማረብሽ» ከማለታችን በፊት «ምን ሆነሻል?» ብለን እንጠይቅ።